ኮቺ፦ ከሆስፒታሉ ማዶ ያለችው ከተማ

ከአገራችን ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ሕንድን ሳያያት ይመለሳል። ከኤርፖርት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ማረፊያ ክፍል፣ ከዚያ መልሶ ኤርፖርት። ገንዘቡም ልቡም ሕመሙ ላይ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕክምናው አልቆ ሐኪሙ «ለቁጥጥር ተመለሱ» የሚልባቸው ክፍት ቀናት አሉ። እነዚያን ቀናት ጣሪያ እያዩ ማሳለፍ ያሳዝናል።

እኔ እናቴን ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ይዣት የሄድኩት በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ኮቺ ነው። ሕክምናው በደህና አለቀ። ሐኪሙም «በቀስታ ትራመድ፣ አትቀመጥ» አለን። እኛም በዚያ ምክንያት ከተማዋን ማየት ጀመርን። አሁን ሰው ስለ ሕንድ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ የምናገረው ስለ ኮቺ ነው። ለኢትዮጵያዊ ብዙ የምትነግረው ነገር ያላት ከተማ ናት። ለሕክምናም ሆነ ለጉብኝት ለምትሄዱ፣ ያየሁትን በዝርዝር ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር አደራ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ሕንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ጋር ትመድባታለች። ክትባቱ ሕንድ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርድ የሌለውን ሰው እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። በሽተኛ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት ከባድ ነው። ካርዱ ዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል ከፓስፖርታችሁ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት። በሕክምና ቪዛ የሚሄድ ሰው እስከ ሁለት አስታማሚ ይዞ መሄድ ይችላል፤ አስታማሚዎቹ የራሳቸው የቪዛ ዓይነት አላቸው። የቪዛ ሕግ ስለሚቀያየር ኤምባሲውን በቀጥታ ጠይቁ፤ ከደላላ አትስሙ። የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ፣ ጥቂት ጉርድ ፎቶም ያዙ። ሲም ካርድ ስታወጡም ሆነ ማረፊያ ስትይዙ ይጠየቃል። የውጭ አገር ሰው የሚያሳርፍ ሁሉ እንግዳውን ለመንግሥት የማስመዝገብ ግዴታ ስላለበት፣ ፓስፖርታችሁን ሲጠይቋችሁ አትደንግጡ።

እኛ በሙምባይ በኩል ነው የገባነው። በገልፍ አገሮች ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። የኬረላ ሰው በዱባይ፣ በዶሃ፣ በሪያድ በብዛት ስለሚሠራ ወደ ኮቺ ቀጥታ በረራ ታገኛላችሁ። ኤርፖርቱ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል መሥራት ከጀመረ ቆይቷል፤ በ2015 በዓለም የመጀመሪያው ሆኗል። ፓነሎቹ ሰፊ ማሳ ሸፍነው ከአውሮፕላኑ መስኮት ይታያሉ።

የከተማዋን አቀማመጥ ቶሎ ከተረዳችሁ ሁሉም ነገር ይቀላል። ሆስፒታሎቹ፣ ትልልቆቹ ሱቆች፣ ባቡር ጣቢያው ያሉት በየብሱ በኩል፣ ኤርናኩላም በሚባለው ሰፈር ነው። ጥንታዊው ክፍል ከውኃው ማዶ ነው። ፎርት ኮቺና ማታንቼሪ ይባላል። በመኪና ድልድይ ዞሮ መሄድ ይቻላል፤ ግን መንገዱ ይጨናነቃል። በውኃ ሂዱ። የመንግሥት ጀልባ ከኤርናኩላም የጀልባ ማቆሚያ ተነስቶ በጥቂት ሩፒ ያሻግራል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ዎተር ሜትሮ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ጀልባዎች አሉ። አየር ማቀዝቀዣ አላቸው፣ ዋጋቸውም ርካሽ ነው። ለእኛ ትልቁ ጥቅማቸው ሌላ ነበር። የመሳፈሪያው መድረክ ውኃው ላይ ተንሳፋፊ ስለሆነ ከጀልባው ወለል ጋር እኩል ነው። እናቴ በምርኩዝ ያለ ምንም ችግር ትገባ ነበር። በአሮጌው ጀልባ ግን ደረጃ አለው፤ ጀልባውም ይወዛወዛል። ታማሚ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ከያዛችሁ ዎተር ሜትሮውን ምረጡ።

የምትሄዱበት ወር ምርጫችሁ ከሆነ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ከሰኔ ጀምሮ ክረምታቸው ይገባል፤ ዝናቡ ቀልድ አያውቅም። በሌላውም ወር ቢሆን እርጥበት ያለው ሙቀት ነው፤ የደጋ ሰው ቶሎ ይደክመዋል። ማለዳ ውጡ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጉ፣ ፀሐይ ስትበርድ እንደገና ውጡ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ፎርት ኮቺ ውስጥ የካርኒቫል በዓል አለ። በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሌሊት ግዙፍ የሽማግሌ ምስል ሲያቃጥሉ ሕዝቡ መፈናፈኛ ያጣል። ጤነኛ ወጣት ይደሰትበታል፤ ታማሚ ይዞ ግን አይሞከርም።

ፎርት ኮቺ ሜዳ ነው። ትልልቅ ጥላ ያላቸው ዛፎች፣ የድሮ የፖርቱጋል፣ የሆላንድና የእንግሊዝ ቤቶች አሉ። በእግር ነው የሚያምረው። መጀመሪያ የምልካችሁ ግን ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፖርቱጋሎች በ1503 በእንጨት ሠሩት፤ ጥቂት ቆይቶ በድንጋይ ታደሰ። በሕንድ ምድር አውሮፓውያን ከሠሯቸው ቤተ ክርስቲያናት የመጀመሪያው ነው ይባላል። ውስጡ ቀለል ያለ ነው። ከጣሪያው በገመድ የሚሳብ የጨርቅ ማራገቢያ ተንጠልጥሏል። በቀኝ በኩል ወለሉ ላይ አጥር የተደረገበት መቃብር አለ፤ የፖርቱጋላዊው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር ነው። በታኅሣሥ 1524 ኮቺ ውስጥ ሞቶ እዚህ ተቀበረ። ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ አጽሙ ወደ ፖርቱጋል ተወሰደ።

ጎብኚው ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እኛ ግን ቆምን። የዚህ ሰው ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሞተው በእኛ አገር ነውና። በ1541 ወንድሙ የፖርቱጋሎች የሕንድ ገዥ ሆኖ መርከቦቹን ከጎዋ ወደ ምጽዋ አመጣ። ክሪስቶፎር 400 ያህል ጠመንጃ የያዘ ወታደር አስከትሎ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ከኢማም አሕመድ ጦር ጋር ሲዋጋ ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ፖርቱጋሎች ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ። ይህን በትምህርት ቤት ተምረነዋል። የአባቱ መቃብር ላይ ቆሞ ማሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ጦርነት ከዚህ የቁንዶ በርበሬ ወደብ ጋር በአንድ ክር የተሳሰረ መሆኑን እዚያ ነው የተረዳሁት።

ቫስኮ ዳ ጋማን ግን በኬረላ ጀግና አድርጎ የሚያነሳው ሰው አልገጠመኝም፤ ምክንያትም አላቸው። በ1502 ከመካ የሚመለሱ ምዕመናንን የጫነች መርከብ ከነተሳፋሪዎቿ አቃጥሏል። የቅመም ንግዱን በመድፍ ለመቆጣጠር የመጣ ሰው ነበር። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህንንም ንገሯቸው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ የቻይና የሚባሉት መረቦች ይታያሉ። በፖስታ ካርድ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። ረጃጅም እንጨቶች፣ ሰፊ መረብ፣ ከኋላ በገመድ የታሰሩ ድንጋዮች። ድንጋዮቹ ሚዛን ስለሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች ያንን ሁሉ መረብ ከውኃው ያነሱታል። ማለዳ ብትሄዱ የሚሠሩትን ታያላችሁ። ዓሣ አጥማጆቹ «ና ሳብ» ብለው ይጋብዛሉ። ከሳባችሁ ጉርሻ ስጡ፤ የሚወጣው ዓሣ ትንሽ ስለሆነ ገቢያቸው ከዚያም ነው። በዕድሜ የሚበልጣችሁን ወንድ «ቼታ»፣ ሴቷን «ቼቺ» በሏት፤ ጋሼና እትዬ እንደማለት ነው፣ ፊታቸው ወዲያው ይፈታል። እዚህ ባሕር ለመዋኘት ግን አታስቡ። የመርከብ መግቢያ ነው፤ ውኃውም ንጹሕ አይደለም። መዋኘት የፈለገ ሰው በቫይፒን ደሴት በኩል ወደ ቼራይ ይሂድ።

አብዛኛው የጉዞ መመሪያ ፎርት ኮቺን ያስቀድማል። እኔ ብመርጥ ማታንቼሪን ነው የማስቀድመው። ሰው የሚኖርባት፣ የሚሠራባት፣ የምትሸት ከተማ ናት። በባዛር መንገድ ስትሄዱ የዝንጅብል፣ የቁንዶ በርበሬ፣ የሄል ሽታ ከመጋዘኖቹ ይወጣል። እናቴ መጋዘን በር ላይ ቆማ በእጇ እርድና ቀረፋ እያነሳች ትመረምር ነበር። ነጋዴው ቅመም የምታውቅ ሴት መሆኗን ስላወቀ ደስ እያለው ከጓዳ የተሻለውን አወጣላት።

የማታንቼሪ ቤተ መንግሥት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ለኮቺ ንጉሥ ሠርተው የሰጡት ነው። በ1663 ከተማዋን የያዙት ሆላንዶች አደሱት፤ እስከ ዛሬ የሆላንድ ቤተ መንግሥት ይባላል። ከውጭ ሲታይ ተራ ቤት ነው። ውስጡ ግን ግድግዳው ራማያና በሚባለው የሂንዱዎች ጥንታዊ ታሪክ ሥዕል ተሞልቷል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ትልልቅ ዓይኖች፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ ፊቶች። የጎንደር ቤተ ክርስቲያናትን ሥዕል የለመደ ሰው ዓይኑ ወዲያው ይሳባል። ለሥዕሎቹ ጊዜ ስጡ። ፎቶ አይፈቀድም። ወደ ላይ የሚያስወጣ ደረጃ ስላለ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በቀስታ ይውጣ። ዓርብ ዝግ ነው።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ በ1568 የተሠራውን የፓራዴሲ ምኩራብ ታገኛላችሁ። ይሄኛው ደግሞ ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ይዘጋል፤ ዓርብም ቀደም ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ማታንቼሪን ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ያዙ። ሰው ይህን ሳያውቅ መጥቶ በር ላይ ሲመለስ አይቻለሁ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ጫማ ይወለቃል። ወለሉ ከቻይና በመጣ በእጅ በተሳለ ሰማያዊ ሸክላ የተነጠፈ ነው፤ ቀና ስትሉ ደግሞ የመስታወት ፋኖሶች አሉ። የኮቺ አይሁዶች እዚህ ለዘመናት ኖረዋል። እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ አብዛኞቹ ሄዱ፤ ዛሬ ከተማዋ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። እስራኤል የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ከቤር ሼቫ ብዙ ሳትርቁ ኔቫቲም በሚባለው መንደር የኮቺ አይሁዶች የቅርስ ማዕከል አላቸው። ሕንድ መሄድ ባትችሉ እንኳ እዚያ ሂዱ። አገሩን ትቶ፣ ቋንቋውንና ዜማውን ይዞ ስለሄደ ሕዝብ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኮቺ ራሷ ወደብ የሆነችው በ1341 ነው። የፔሪያር ወንዝ በዚያ ዓመት ሞልቶ የባሕሩን አፍ ለወጠው ይባላል። ከዚያ በፊት ትልቁ ወደብ በስተ ሰሜን፣ ኮዱንጋሉር አካባቢ የነበረው ሙዚሪስ ነበር። ሮማውያን ቁንዶ በርበሬ የሚጭኑት ከዚያ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የግሪክ የነጋዴዎች መመሪያ አለ። ስለ አዱሊስም ስለ ሙዚሪስም የሚናገር አንድ ጽሑፍ ነው። የአክሱም የዝሆን ጥርስና የኬረላ ቁንዶ በርበሬ በአንድ የባሕር መንገድ ላይ ነበሩ ማለት ነው። የኬረላ ክርስቲያኖችም ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓ.ም. ወደ ሕንድ ሲመጣ የወረደው በዚያ ወደብ ነው ብለው ያምናሉ።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ልምጣ። ኬረላ ውስጥ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከእኛ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር፣ ከግብፅ፣ ከአርመንና ከሶርያ ጋር እኅት ናት። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በ1965 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ «እሑድ ቅዳሴ እንሂድ» አለች። ኤርናኩላም ውስጥ የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ከባድ አይደለም፤ የማረፊያችሁን ሰዎች ጠይቁ። ግን «ኦርቶዶክስ» ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚያ አገር የሶርያ ሥርዓት የሚከተሉ ሌሎች ቤተ ክርስቲያናትም ብዙ ናቸው።

ጫማ በር ላይ ይወለቃል። ወንድና ሴት ተለያይተው ይቆማሉ። ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች፤ ከመካከላቸው ለይቶ ያያት የለም። ቅዳሴው በማላያላም ቋንቋ ነው፣ መካከሉ ላይ የሱርስት (የጥንት የሶርያ ቋንቋ) ቃል ይሰማል። ዕጣኑ፣ መጋረጃው፣ መቆሙ ያው ነው። መቁረብ የሚፈልግ ሰው ግን ከቅዳሴው በፊት ካህኑን ያነጋግር፤ ከራሱ የንስሐ አባትም ጋር ተመካክሮ ይሂድ።

ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ሻይ ይሰጣሉ። እዚያ አንድ ነጭ በነጭ የለበሱ አዛውንት ወደ እናቴ ቀረቡና «እንደምን አደሩ?» አሏት፤ ጥርት ባለ አማርኛ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ደንግጣ። «ጋሼ፣ አማርኛ የት ለመዱ?»

«ደሴ። ሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ» አሉ።

እናቴንም ሂሳብ ያስተማሯት ሌላ የኬረላ ሰው ናቸው። ስማቸውን እስከ ዛሬ ታነሳለች። አዛውንቱን እጃቸውን ይዛ ለመሳም ጎንበስ ስትል እሳቸው ከለከሏት። ከዚያ ስለ ደሴ ብርድ፣ ስለ ተማሪዎቻቸው፣ ስለ እንጀራ ሲያወሩ ብዙ ቆዩ። የሕንድ አስተማሪ ያስተማረው ትውልድ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፤ ከእነዚያ አስተማሪዎች ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ ግዛት ነው። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ዓይነት ሰው መፈለግ ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጣል። ያስተማሯቸውን ሰው ስምና ከተማ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ በቤተ ክርስቲያን ጠይቁ። ያለ ማጋነን፣ በየሰበካው ኢትዮጵያ ያስተማረ ዘመድ ያለው ሰው የሚገኝ ይመስለኛል።

አዛውንቱ ስለ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ነገሩን። ትውልዳቸው ኮቺ አጠገብ ትሪፑኒቱራ ነው። ጳጳስ ሳይሆኑ፣ ፖል ቨርጊስ ይባሉ በነበረበት ጊዜ፣ በ1947 ኢትዮጵያ መጥተው አስተማሪ ሆኑ፣ አማርኛም ተማሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ነበሩ። በኋላ ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ፕሬዚዳንቶች አንዱ ሆነዋል። ትሪፑኒቱራ ሜትሮ ባቡር ይደርሳል። የኮቺ ነገሥታት የኖሩበት ሂል ፓላስ የተባለው ቤተ መንግሥትም እዚያ ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል።

ስለ ምግብ ብዙ ሰው ይጨነቃል። በተለይ ጿሚ። አትጨነቁ፤ ግን ጠይቁ። «ቬጅ» የሚል ምግብ ቤት ሥጋና እንቁላል አይሠራም እንጂ ቅቤ፣ እርጎና ወተት ይጠቀማል። «ቅቤ የለበትም? እርጎ የለበትም? ወተት የለበትም?» ብላችሁ ሦስቱንም ለይታችሁ ጠይቁ። ኬረላ ውስጥ ዘይቱ በብዛት የኮኮናት ስለሆነ የጾም ምግብ ማግኘት ቀላል ነው። ለቁርስ ፑቱ የሚባል በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ዱቄትና የኮኮናት ፍቅፋቂ ከጥቁር ሽምብራ ወጥ ጋር ይቀርባል፤ ያጠግባል። አፓም ደግሞ ከተብላላ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር ነው። ዓይን አለው፣ መካከሉ ለስለስ ይላል፤ እናቴ እንጀራ ስትናፍቅ እሱን ነበር የምትበላው። እኩለ ቀን ላይ በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝና ብዙ ዓይነት አትክልት የሚቀርብበት ምግብ አለ። በቀኝ እጅ ነው የሚበላው፤ ለእኛ አዲስ አይደለም። ምግብ ቤት ውስጥ ለብ ያለ ሐምራዊ ውኃ ቢያቀርቡላችሁ አትፍሩ፤ በእንጨት ቅመም የተፈላ ውኃ ነው። ያልተፈላ የቧንቧ ውኃ ግን አትጠጡ። ሻይ ያለ ወተት ከፈለጋችሁ «ካታን ቻያ» በሉ፤ ካልተናገራችሁ ወተት ይገባበታል።

በገንዘብ በኩል፣ ሰው ሁሉ በስልክ ኮድ አንስቶ ነው የሚከፍለው። የውጭ ሰው ያለ ሕንድ ባንክ በዚያ መንገድ መክፈል ስለሚያስቸግረው ዝርዝር ሩፒ በኪሳችሁ ይኑር። ባጃጅ እነሱ ጋር «ኦቶ» ይባላል። አጭር መንገድ ላይ ጥሩ ነው። ግን በጣም ረክሶ «ሙሉ ቀን ላስጎብኛችሁ» የሚል ሾፌር ካጋጠማችሁ፣ የሚወስዳችሁ ኮሚሽን ወደሚከፍሉት የምንጣፍና የጌጥ ሱቆች ነው። «ሱቅ የለም፣ ቤተ መንግሥትና ምኩራብ ብቻ» ብላችሁ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ።

ቅመም ከምኩራቡ ፊት ለፊት ካሉት ሱቆች አትግዙ። ያምራሉ፤ ዋጋው ግን የጎብኚ ነው። ባዛር መንገድ ላይ ከመጋዘኖቹ ወይም ኤርናኩላም ከሚገኝ የሰፈር ሱፐርማርኬት ግዙ። ሄሉ አረንጓዴና ያልተከፈተ ይሁን፤ የገረጣው የቆየ ነው። ቁንዶ በርበሬውን በጣታችሁ ጨምቁት፣ ከተሰባበረ ተዉት። ያልተፈጨውን ውሰዱ፣ በደንብ አሽጉልን በሉ፣ ደረሰኙንም ሻንጣ ውስጥ ጨምሩት።